ጎተራ ያሉት ሰርቨር

ሪፖርቱን የጻፈችው ራሷ ናት። ማንም አላስገደዳት። ርዝመቱ አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን ከሥሩ «ፕሮክሲ ሰርቨሩ ቢዘጋ የሚጎዳ ሰው የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀባት። ትጽፋትና ታጠፋታለች፣ ታጠፋትና መልሳ ትጽፋታለች።

አዲሱ የኔትወርክ ኃላፊ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ቀና አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«የተናገረው ቁጥሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከመቶ ሦስት ደርሷል።»

«እኔማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ ብዬ ነበር። ቅር እንዳይልዎት ብዬ።»

«እኔ ቅር እንዳይለኝ ተብሎ ማሽን ሲሽከረከር አይውልም» አለችና ሳቅ ለማለት ሞከረች። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «አርብ ከሰዓት ይሁን። እኔው እዘጋዋለሁ።»

በነርሶችና አዋላጆች ኮሌጁ ውስጥ ከዲኑ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት የለም። እትዬ መስመር ነው የሚሏት። ድሮ ኮሪደር ላይ ያገኛት ሁሉ «እንደምን አደርሽ» ከማለቱ በፊት «መስመር አለ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ስሙ እንደዚያው ተለጥፎባት ቀረ። ባሏ እንኳ ሲቀልድ ቤት ስትገባ «መስመር መጣ!» ይላል።

እሷ ስትቀጠር የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ኮሌጁ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት መስመር ያኔ እንደ ክር የቀጠነ ነበር። በዚያች ክር ላይ አራት መቶ ተማሪና ስድሳ መምህር ተንጠልጥሎባታል። አንድ ተማሪ ሥዕል ያለበት ገጽ ከከፈተ ሌላው ተነሥቶ ውኃ ጠጥቶ ሲመለስም ገጹ ገና በግንባሩ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ይቺን ክር ያዳናት ምድር ቤት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የቆመው ሰርቨር ነበር። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሰው አንድን ገጽ መጀመሪያ ሲከፍት ማሽኑ ከውጭ ያመጣለትና አንድ ቅጂ እሱ ዘንድ ያስቀምጣል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ መቶኛው ሰው ያንኑ ገጽ ሲጠይቅ ወደ ውጭ ሳይወጣ ካስቀመጠው ላይ ይሰጠዋል። በሙያው ቋንቋ ፕሮክሲ ይሉታል። ያቆሙት ሰውዬ ግን ጎተራ ነበር የሚሉት።

እኚያ ሰውዬ ጋሼ ቀስ ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምትለዋን ተረት በቀን አሥር ጊዜ ስለሚያነሷት ተማሪዎች ናቸው ያወጡላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ተቆጥተው የማይታወቁ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሏን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መዳፋቸውን የማሽኑ ጎን ላይ ማሳረፍ ነው፤ ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ወላጅ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ማራገቢያዎቹ ያስጠጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስክሪኑ የሚሄዱት።

በግድግዳው ነጭ ሰሌዳ ላይ በየቀኑ አምስት ቁጥር ይጽፉ ነበር፦ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ፣ ሜሞሪው ምን ያህል እንደቀረው፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደተገናኘ፣ አንድ ገጽ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ከመቶ ጥያቄ ስንቱ ከጎተራው እንደተመለሰ።

«ልጄ፣» አሏት በመጀመሪያው ሳምንት፣ «የዛሬን ቁጥር ብቻ የሚያይ ምንም አላየም። ዲስኩ ዛሬ ሰባ ሞልቷል። እሺ፣ ትናንትስ? ትናንት ስልሳ ከነበረ ነገ ሰማንያ ነው፤ ከነገ ወዲያ ቀብር ነው።»

እሷ በልቧ «ሽማግሌው ነገር ያበዛሉ» አለች። ማሽኑ ራሱ ሲቸግረው በኮምፒውተሯ ላይ ጡሩምባውን የሚነፋበት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ታዲያ ሰሌዳ ላይ መሞነጫጨሩ ምንድን ነው?

ማስጠንቀቂያው ግን ከልክ በላይ ጯሂ ነበር። አንድ ተማሪ ትልቅ ፋይል ባወረደ ቁጥር ይጮኻል። ማሽኑ ሌሊት ራሱን ሲያጸዳ የተጠራቀመው ጩኸት ጠዋት ሃያ ሆኖ ይጠብቃታል። አንድ ቀን መረራትና የዲስኩን ማስጠንቀቂያ ዝም አሰኘችው። ለሳምንት ብቻ ብላ ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ እሷም ረሳችው።

የምደባው ቀን መጣ። ተመራቂዎቹ የትኛው ሆስፒታል፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደተመደቡ ዝርዝሩ በድረ ገጽ የሚወጣበት ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ቆመ። ማን ምን ገጽ እንደጠየቀ የሚመዘግብበት ፋይል፣ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ በማይጻፈው በሁለተኛው ዲስክ ላይ፣ ዓይን ሳያየው አብጦ አብጦ ዲስኩን ጢም አድርጎት ኖሮ፣ አንዲት ፊደል የሚጽፍበት ቦታ አጣ። ኮሪደሩ በአንድ አፍታ በሰው ታጨቀ። «መስመር! መስመር የት አለች?» የሚለው ጩኸት ምድር ቤት ድረስ ይሰማታል።

ዲኑ ዓይናቸው ደም ለብሶ ወረዱ። «ማነው ለዚህ ተጠያቂው?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

እሷ አፏን ከመክፈቷ ጋሼ ቀስ ቀደሟት። «እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያው ዝም ማለቱን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

በሃምሳ ደቂቃ መለሱት። ያበጠውን ፋይል አስወግደው፣ በየቀኑ ራሱን እየቆረጠ አሮጌውን እንዲጥል አድርገው፣ ማሽኑን አስነሡ። እሷ ስድብ ስትጠብቅ ዋለች። ስድብ የለም። ማምሻውን ሊወጡ ሲሉ ሹራባቸውን እየቆለፉ «ውሻው ጩኸት ካበዛ መቼ እንደሚጮኽ ያስተምሩታል እንጂ አፉን አይሰፉበትም» አሉና ሄዱ። ምነው በሰደቡኝ ብላ አሰበች። በማግስቱ ግን ቁልፉን ከእጇ ተቀብለው ሳምንቱን ሙሉ ምድር ቤት እንዳትወርድ፣ ይልቁንም ማንበቢያ አዳራሽ ሄዳ ከተማሪዎቹ ጋር እንድትቀመጥ አዘዟት። ቅጣት መሰላት። እዚያ ተቀምጣ ገጽ ሲዘገይ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አየች። አንዷ ተማሪ ከመንገዱ ርቀት የተነሣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትመጣ ነበረች፤ ያቺን ቀን ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንቷ ጠፋ ማለት ነው። መስመር ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ስትጽፍ የዚያች ልጅ ፊት ነበር የሚመጣባት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መንገድ የሚያሰፉ ቆፋሪዎች ዋናውን ገመድ በጠሱት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከውጭ አንዲት ገጽ የምትገባ ጠፋች። በሰፈሩ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጋሼ ቀስ ግን ለማሽኑ አዲስ ትእዛዝ ጻፉለት፦ ገጹ አርጅቶ እንደሆነ ውጭ ወጥተህ አትጠይቅ፤ ያለህን ስጥ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አራት መቶ ተማሪ ጎተራው ለዓመት ባጠራቀመው አነበበ። በስድስተኛው ቀን አንደኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደግነውበት፣ አንዴ እሷ አንዴ እሳቸው እየተቀያየሩ፣ በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ሲያሻግሩ ዋሉ። የመጨረሻው ፋይል ሲያልፍ ጋሼ ቀስ ወለሉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና እንደ ሕፃን ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ ሁሉ አለፈ። ጋሼ ቀስ ጡረታ ወጡ። መስመሩ ከክር ወደ ገመድ፣ ከገመድ ወደ ወንዝ ሰፋ። ድረ ገጾቹም ከጠያቂው በቀር ማንም እንዳያያቸው ተቆልፈው መምጣት ስለጀመሩ ማሽኑ ቅጂ ማስቀረት አቃተው። ከመቶ ጥያቄ አርባ አምስት የነበረው ከጎተራው የሚመለስ ቁጥር ሠላሳ፣ አሥራ ሁለት፣ ሰባት እያለ ወረደ። ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው እሷ ነበረችና ቁልቁል ሲንሸራተት በየቀኑ በገዛ እጇ መዘገበችው።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ጋሼ ቀስ ቤት ሄደች። ከሌላ ሰው ይስሙት ማለት አልሆነላትም። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሲያዩዋት ሳሟት ሳሟትና፣

«ጣውንቴን ትተሽ መጣሽ?» አሉ። ሰርቨሩን ከጥንት ጀምሮ ጣውንቴ ነው የሚሉት። «ስንት ዓመት ባሌን ቀማችኝ እኮ! እሑድ እንኳ ሳይቀር።»

«እማማ፣ አርብ ልንገላግልዎት ነው።»

ሴትዮዋ ቀልዱን ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን አይተው ተዉት። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ። መስኮቱ ጋ ነው ያለው። ጆሮው ደክሟል፤ ጮክ በይ።»

ጋሼ ቀስ ተፈታትቶ የተዘረጋ ሬዲዮ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ጠብቧል፤ ጣቶቻቸው ግን ያው ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠው ገና ሳትቀመጥ «ስንት ነው?» አሏት። የቱን ቁጥር እንደሚጠይቁ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

«ሦስት።»

«ሠላሳ?»

«ሦስት፣ ጋሼ። ከመቶ ሦስት።»

ብሎን መፍቻቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ያረፍዳል እንጂ አይቀርም» አሉ። ቀጥለውም «ሦስቱ እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«ማሽኖች ናቸው። ራሳቸውን የሚያድሱ ፕሮግራሞች ምናምን።»

«አይተሻል ወይስ ገምተሻል?»

ክው አለች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሆና ዲኑ ፊት የቆመች መሰላት። «ገምቼ ነው» አለች።

«አርብ ጠዋት እመጣለሁ» አሉ ጋሼ ቀስ።

ባለቤታቸው ከወዲያ ሆነው «በዚህ ጉልበት የት አባቱ ነው የሚሄደው!» ብለው ጮኹ። ጋሼ ቀስ ጆሯቸው የደከመው ሲፈልጉ ብቻ ነበርና ምንም እንዳልሰማ ሰው ሬዲዮዋቸው ላይ አጎነበሱ።

አርብ ባሏ በመኪና ሄዶ አመጣቸው። ከዘራ ይዘዋል፤ ቆባቸውን እንደ ሠርግ ቀን አስተካክለዋል። ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው ክፍሏ ደረሱና መዳፋቸውን የማሽኑ ጎን ላይ አሳረፉ። አዲሱ ኃላፊ ወንበር አመጣላቸው፤ እሷ የአንድ ወር መዝገብ ከፍታ ታጣራ ጀመር። የፕሮግራሞቹን ጥያቄ ስታወጣ መዝገቡ እየሳሳ ሄደ። እሷ እንደገመተችው ሊሆን ነው ስትል አንድ አድራሻ ቀረ። ከሰኞ እስከ አርብ፣ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ አንድ ኮምፒውተር ያንኑ ሠላሳ ሁለት ገጽ ይጠይቃል። ሁሉም ከጎተራው ነው የሚሰጠው።

«ይሄስ ማሽን አይደለም» አለ ኃላፊው ጎንበስ ብሎ። «ማሽን ቅዳሜና እሑድ አያርፍም።»

ጋሼ ቀስን ወንበራቸው ላይ ትተው፣ ሁለቱ አድራሻውን ተከትለው የአዋላጆች መለማመጃ ክፍል ደረሱ። በሩ ገርበብ ብሏል። አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከበው ቆመዋል፤ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በብዕር ስክሪኑን እየጠቆመች ታስረዳለች። ስክሪኑ ላይ በእጅ የተሣሉ ሥዕሎች ናቸው፦ የነፍሰ ጡር ሆድ፣ በላዩ ሁለት እጅ፤ ሕፃኑ በምን በኩል እንደተኛ በመዳሰስ ብቻ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያሳዩ። እጆቹ የአሮጊት እጆች ናቸው፤ ጉልጥምታቸው እንኳ ተሥሏል።

መስመር ሥዕሎቹን አወቀቻቸው። የሣሏቸው እዚሁ ኮሌጅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ አዋላጅ መምህርት ነበሩ። በሥራቸው ካዩት የሣሏቸውን ሥዕሎች ልጃቸው ድረ ገጽ ሠርቶ አውጥቶላቸው ነበር። መምህርቷ ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሲስተርን ጠየቀቻት። «ይሄን ገጽ ከሌላ ኮምፒውተር ከፍተሽው ታውቂያለሽ?»

«ምን አስከፈተኝ? እዚህ አለልኝ። ኮምፒውተሩን ቀይሪ ሲሉኝም እምቢ ያልኩት ከለመድኩት ላይ አልነሣም ብዬ ነው» አለች ሲስተር። «ምነው፣ ችግር አለ?»

ኃላፊው በስልኩ አድራሻውን ጻፈ። ቆየና ስልኩን አዙሮ ለመስመር አሳያት። ገጹ የለም ይላል። ድረ ገጹ ከሞተ ዓመታት አልፈውታል። በዚህ ዓለም ላይ ያለው እዚሁ ምድር ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ልትዘጋው ባለችው ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር።

«ግን እንዴት? እስካሁን ጊዜው አልፎበት መጣል ነበረበት እኮ» አለ ኃላፊው።

ተመልሰው ወርደው የማሽኑን ትእዛዞች ከፈቱ። ከብዙ መቶዎቹ መካከል፣ እትዬ መስመር ሺህ ጊዜ ዓይኗ አልፎት አንብባው የማታውቀው አንድ ትእዛዝ ነበር። ከጎኑ በአማርኛ ማስታወሻ ተጽፎበታል፦ «መምህርቷ ለምነውኛል። የእሳቸው ገጽ ውጭ ቢጠፋም እዚህ ይኑር። አይነካ።» ቀኑ ጋሼ ቀስ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው።

ጋሼ ቀስ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡት። «እኔ ነኝ?» አሉ። «ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሴትየዋ አንድ ቀን እዚሁ በር ላይ ቆመው፣ ልጄ ውጭ ሊሄድ ነው፣ የሚጠብቅልኝ የለም ሲሉኝ... አዎ፣ አዎ።» ዓይናቸው ውኃ ሞላ፤ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

መስመር ሪፖርቷን አሰበች። የሚጎዳ ሰው የለም ብላ ፈርማ ነበር። ፊቷ ጋለ። ለኃላፊው «ዛሬ አይዘጋም» አለችው።

«እኔ ማን ነኝና» አለ እሱ። «ስንት ቀን ይበቃዎታል?»

አንድ ሳምንት በቃት። ሠላሳ ሁለቱንም ገጽ ከነሥዕሎቻቸው ከጎተራው አውጥታ በኮሌጁ የራሱ ድረ ገጽ ላይ አሰፈረቻቸው። ከላይ የመምህርቷን ስምና ያስተማሩበትን ዘመን ጻፈችበት። ሲስተር አሁን ከማንም ስልክ መክፈት እንደሚቻል ስትሰማ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አብራ መጣል ያለባት ይመስል «እኔንስ አትጥሉኝም?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። የእኒያ መምህርት ተማሪ ነበረች። እነዚያ እጆች ሆድ ላይ ሲያርፉ በዓይኗ አይታለች።

በሚቀጥለው አርብ ማሽኑ ተዘጋ። ጋሼ ቀስ መምጣት አልቻሉም፤ የጉልበታቸው ሕመም ተነሥቶባቸው ነበር። በስልክ «ቀስ ብለሽ ዝጊው፤ መጀመሪያ አዲስ ጥያቄ እንዳይቀበል አድርጊ፣ የያዘውን ይጨርስ፣ ከዚያ» አሏት። ሁሉንም እንዳሉት አደረገች። መጨረሻ ላይ ማራገቢያዎቹ ድምፃቸው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ለሃያ ሁለት ዓመት ስትገባና ስትወጣ የሰማችው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖባት ስለኖረ፣ ከጎረቤት ዕቃ ግምጃ ቤት የግድግዳ ሰዓት ምት ሲሰማት መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም። በሩን ዘግታ ቁልፉን ለኃላፊው ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ላይኛው ፎቅ ባለው አዲሱ ጠረጴዛዋ ተቀመጠች። ስክሪኗ ላይ የአዲሶቹ መሣሪያዎች መስመሮች አረንጓዴ ሆነው ይፈስሳሉ፤ ትናንትናቸውን አታውቅምና ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ቁጥራቸውን መጻፍ ጀመረች። ገና ሦስተኛው ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ሲስተር ናት።

«እትዬ መስመር፣ ገጹ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ብቻ ሰባተኛው ሥዕል ላይና ታቹ ተገለባብጧል። እንዲህ ካየነው ልጁ በእግሩ ሊወለድ ነው።»

መስመር ሳቋ አመለጣት። «መጣሁ» አለች፤ ብዕሩን ደብተሩ መሐል ትታ ወደ ደረጃው ሄደች።